እቁቡ ከደረሰኝ 14 ወር አለፈው፤ ባለቤቴ ግን አታውቅም

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስሜን እንዲያወጡት አልፈልግም። የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት የአራት ዓመት ልጅ አባት ነኝ። መገናኛ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ።

ከባለቤቴ ጋር ተማክረን በወር 4,000 ብር የሚጣል የ24 ሰው እቁብ ገባሁ። በሰባተኛው ወር ዕጣው ወጣልኝ። 96,000 ብር ነው። ያኑ ሰሞን አንድ የቅርብ ጓደኛዬ “ለሁለት ወር ብቻ አበድረኝ፣ ዕቃ ላስመጣበት” አለኝ። ሰጠሁት። ገንዘቡም ጓደኛዬም ጠፉ። ለባለቤቴ “ገና አልደረሰኝም” አልኳት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልቤ እየደለቀ ነጋ።

አሁን 21ኛው ወር ላይ ነን። በየወሩ “ዛሬስ?” ትለኛለች። “ለሌላ ሰው ወጣ” እላታለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የምናገረው። ምንም አይሰማኝም። እሷ ደግሞ “አይዞህ፣ የእኛ የመጨረሻው ይሆናል” እያለች ታጽናናኛለች።

ከዚያ ወዲህ በማያስዋሸውም ነገር እዋሻለሁ። ሱቅ ቁጭ ብዬ “መንገድ ላይ ነኝ” እላለሁ። በልቼ “አልበላሁም” እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከጣሳው ስኳር ቅማ፣ ጉንጯ ላይ ስኳሩ እያለ፣ “ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ አልነካሁም” አለች። እናቷ ሳቀች። እኔ ግን ደነገጥኩ። ያቺ መሐላ የእኔ ናት። አንጎሌ ምን ሆኖ ነው? በሽታ ነው? ልጄስ ከእኔ ወርሳው ነው?»

ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ “አንተ” እያልኩ ልጻፍልህ።

ከደብዳቤህ ውስጥ አልለቅ ያለችኝ “ምንም አይሰማኝም” ያልካት ናት። ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ እሷ አሳሰበችኝ። አንተንም ብዕር ያስነሳችህ እሷ ትመስለኛለች። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር። ወደ እቁቡ በኋላ እንመጣለን።

መጀመሪያ እንቅልፍ ያጣህባትን ሌሊት እንያት። እውነት ስንናገር አንጎላችን ብዙ አይለፋም። የሆነው ነገር ትዝታችን ውስጥ ተቀምጧል፤ ስንጠየቅ ይወጣል። ስንዋሽ ግን ሥራ ይበዛበታል። እውነቱን አልረሳውም፤ እንዳያመልጠው አፍኖ መያዝ አለበት። በዚያው ቅጽበት ሌላ ታሪክ መፍጠር አለበት። ታሪኩ ትናንት ካወራኸው ጋር እንዳይጋጭ ያመሳክራል። የምትሰማህን ሰው ፊት ያነባል፦ አመነች? ተጠራጠረች? የራስህንም ፊት ይጠብቃል። ይህን ሁሉ በዋናነት የሚያስተባብረው ከግንባራችን ኋላ ያለው ክፍል ነው። ባለሙያዎቹ ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ይሉታል። ዕቅድ የምናወጣበት፣ ምላሳችንን የምንገታበት፣ ሒሳብ በቃላችን የምንሠራበት ክፍል ነው።

በፈረንጆቹ 2001 እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ ሾን ስፔንስ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ለክቶታል። ሰዎች በዚያው ዕለት ስላደረጉት ነገር ይጠየቃሉ። “አዎ” ወይም “አይ” ብለው ይመልሳሉ፤ አንዴ እውነቱን፣ አንዴ ውሸት። ውሸቱ ከእውነቱ 200 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ መጣ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ማለት ነው። በጣም ትንሽ ናት። ግን አስበው፤ እነዚያ ሰዎች የሚያጡት ነገር አልነበረም። አንተ ግን 14 ወር ሙሉ፣ የትኛው ወር ላይ ዕጣው ለማን ወጣ እንዳልክ፣ ስለ ዳኛው ምን እንዳወራህ፣ ሁሉንም በቃልህ ይዘህ ትዞራለህ። ምንም አይሰማኝም ትላለህ እንጂ አንጎልህ ሸክሙን አላወረደም።

ታዲያ የልብ ምቱ የት ሄደ?

ከአንጎላችን ውስጥ፣ በግራና በቀኝ በጆሯችን አቅጣጫ ጠልቀው የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች አሉ። አሚግዳላ ይባላሉ። አልሞንድ የሚባለውን ለውዝ ስለሚመስሉ ነው ስማቸው ከዚያ የመጣው። ስንፈራ፣ ስንደነግጥ፣ ስሜታችን ሲነካ ይነቃሉ። እንደ ደወል ቁጠራቸው።

በ2016፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ ኒል ጋሬት፣ ታሊ ሻሮትና ባልደረቦቻቸው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ውስጥ የሠሩትን ጥናት አወጡ። የአንተን ደብዳቤ ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። 80 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ 25ቱ አንጎላቸው በኤምአርአይ እየታየ። ሥራው ቀላል ነው። ሳንቲም የሞላበት የመስታወት ዕቃ ያያሉ። ስንት እንዳለበት ገምተው፣ በደንብ ያላየ ሌላ ሰው እንዲገምት ይረዱታል። አንዳንድ ጊዜ ግምቱን ቢያጋንኑ ለራሳቸው ገንዘብ ያገኛሉ፤ ሌላው ሰው ይጎዳል። መጀመሪያ ጥቂት አጋነኑ። ቀጥሎ ትንሽ ጨመሩ። ከዚያም ጨመሩ። ማንም አልገፋቸውም። መጀመሪያ ላይ ሲዋሹ አሚግዳላቸው በደንብ ይነቃ ነበር። ውሸቱ በተደጋገመ ቁጥር ግን ንቃቱ እየቀነሰ ሄደ። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ደወሉ የቀነሰበትን መጠን አይተው፣ ሰውየው ቀጥሎ ውሸቱን ምን ያህል እንደሚያሳድገው መገመት ችለዋል።

ወፍጮ ቤት አጠገብ ቤት ተከራይቶ የገባን ሰው አስበው። የመጀመሪያ ሳምንት እብድ ሊሆን ይደርሳል። በሦስተኛው ወር እንግዳ መጥቶ “ይህን ጩኸት እንዴት ቻልከው?” ሲለው “የቱን ጩኸት?” ይላል። ወፍጮው አልቆመም። ጆሮው ነው የለመደው። አንተም ዘንድ የሆነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የልጅህ መሐላ ያስደነገጠችህ፣ ልክ እንደ እንግዳው ከውጭ መጥታ ጩኸቱን ስላሰማችህ ነው። መደንገጥህን ወድጄዋለሁ። ደወሉ ጨርሶ አልሞተም ማለት ነው።

“መንገድ ላይ ነኝ” የምትላትም ከዚህ ጋር ትሄዳለች። ምንም አታተርፍባትም። “ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል” የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ በቃሉ አትቀየመኝ። ትልቁ ውሸት ደወሉን ሲያደክመው ትንንሾቹ ያለ ጠባቂ ይገባሉ።

በሽታ ነው ወይ ላልከው፣ ከጻፍክልኝ ተነስቼ ሳየው አይመስለኝም። ያለ ጥቅም፣ ዕድሜ ልክ፣ ራሳቸውን ጀግና ወይም ተጎጂ የሚያደርግ ረጅም ታሪክ እየፈጠሩ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። አንቶን ዴልብሩክ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1891 ለዚህ ስም አውጥቶለታል፤ ፕሱዶሎጂያ ፋንታስቲካ አለው። በ2005 ያሊንግ ያንግና አድሪያን ሬን የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ 12 ሰዎችን አንጎል አይተው፣ በፊተኛው ክፍል ውስጥ ነጩ የአንጎል ክፍል፣ ማለትም መልእክት አመላላሹ ገመድ፣ ከሌላው ሰው በዝቶ አገኙት። አሥራ ሁለት ሰው ግን ጥቂት ነው። ገመዱ ስለበዛ ዋሹ ወይስ ሲዋሹ ኖረው በዛ የሚለውንም አይመልስም። ያንተ ውሸት መነሻው ይታወቃል። ቀኑም ይታወቃል። ዋጋውም ይታወቃል፤ 96,000 ብር ነው። እውነቱን ከተናገርክ በኋላ ትንንሾቹ አልቆም ካሉህ ያን ጊዜ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂድ። ነውር የለበትም።

ግን አደራ፣ “አንጎሌ ነው ያደረገው” እንዳትላት። አንጎልህ አንተ ነህ።

ስለ ባለቤትህ አንድ ነገር ልበል። 14 ወር ሙሉ አላወቀችም። ሞኝ ስለሆነች እንዳይመስልህ። ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ በ2006 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ከ24,000 በላይ ሰዎች ውሸትን ከእውነት እንዴት እንደሚለዩ አይተዋል። ከመቶው የተሳካላቸው በ54ቱ ብቻ ነው። ሳንቲም ወርውሮ መገመት እንኳ 50 ያስገኛል። “ዓይኑን ሳየው አውቃለሁ” የምንለው ሁላችንም ከዚያ ብዙም አናልፍም። እሷ ደግሞ ልትመረምርህ አልተነሳችም። አብሯት የሚያድር ሰው የነገራትን ተቀበለች። ያን እምነት ነው አንተ በየወሩ የምታጠፋው።

እዚህ ላይ የራሴን ላጫውትህ። አባቴ ያረፈ ጊዜ እኔ ለሥራ ሩቅ አገር ነበርኩ። ወንድሜ ደወለና “አባዬን ትንሽ አሞታል፣ ሆስፒታል አስገብተነዋል፣ ከቻልሽ ነይ” አለኝ። ድምፁ አልተሰበረም። አመንኩት። በአውሮፕላኑ ውስጥ ሁሉ ለአባቴ ጋቢ ስለመግዛት አስብ ነበር። ቤት ደርሼ አደርኩ፤ ሆስፒታል ነገ ትሄጃለሽ አሉኝ። ሊነጋጋ ሲል ጎረቤቶች፣ ዘመዶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። መርዶ ነበር። ቤቱ በሙሉ ዋሽቶኛል። እስከ ዛሬ ስለዚያ ጋቢ ሳስብ ሆዴ ይባባል። ወንድሜን ግን አልተቀየምኩትም። እሱ በዚያ ውሸት ምንም አላገኘም፤ የራሱን ለቅሶ ውጦ ነው ያናገረኝ። ውሸቱም የሚያበቃበት ሰዓት ነበረው።

ይህን የማነሳው ያ የለንደን ጥናት ያገኘው ሌላ ነገር ስላለ ነው። ሰዎቹ ለራሳቸው ሳይሆን ለሌላው ሰው ጥቅም ብቻ ሲዋሹ ውሸቱ እንደዚያ አላደገም። እያደገ የሄደው እነሱ የሚጠቀሙበት ነው። አንተ ምናልባት “እንዳትጨነቅ ብዬ ነው” ትል ይሆናል። እውነት ለእሷ ብለህ ቢሆን ኖሮ እንደ ወንድሜ በማግስቱ ያበቃ ነበር። ያዳነው አንተን ነው፤ ከቁጣዋና ከኀፍረቱ። ይህን ለማቁሰል አልጻፍኩልህም። ለእሷ ከመንገርህ በፊት ለራስህ ልትለው ስለሚገባ ነው።

አሁን ወደ ልጅህ።

አልወረሰችውም። የአራት ዓመት ልጅ ውሸት አንጎሏ በደንብ እያደገ እንደሆነ ነው የሚያሳየው። ካናዳ፣ ቶሮንቶ የሚሠራው ካንግ ሊ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። ልጁን ጀርባውን ሰጥተው ያስቀምጡና “ኋላህ ያለውን አሻንጉሊት እንዳታይ” ብለው ይወጣሉ። አብዛኞቹ ዞረው ያያሉ። ተመልሰው “አይተሃል?” ሲሏቸው፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመቶቹ ብዙዎቹ “አዎ” ይላሉ። አራት ዓመት ላይ አብዛኞቹ “አላየሁም” ይላሉ። ለመዋሸት ልጅቷ አንድ ትልቅ ነገር ማወቅ አለባት፦ እኔ የማውቀውን እማዬ አታውቅም። ይህን የማታውቅ ሕፃን መዋሸት አትችልም። ጉንጯ ላይ ስኳሩን መተዋ ደግሞ ገና ጀማሪ መሆኗን ነው የሚነግርህ።

መሐላዋ ግን ሌላ ነው። እሷን ከአንተ ተምራለች። ዓይንህን ግንባር ያድርገው ስትል ሰምታለች፤ ሰዎች ሲያምኑህም አይታለች።

አደራህን፣ ደንግጠህ አትምታት። ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ በ2011 ያወጡት ጥናት ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ባሉ ሁለት መዋዕለ ሕፃናት የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ላይ የተሠራ ነው። በአንዱ ልጆች በጥቃቅን ጥፋት በዱላ ይመታሉ። በሌላው አይመቱም። ያንኑ የአሻንጉሊት ጨዋታ አጫወቷቸው። የሚመቱት ልጆች ይበልጥ ዋሹ። ይባስ ብሎ ውሸታቸውን አጥብቀው መያዝም ቻሉ፤ ጥያቄ ሲከተልባቸው እውነቱ አላመለጣቸውም። ዱላው ጎበዝ ዋሾ አደረጋቸው። እኛ ያደግነው “እውነቱን ተናገር!” እየተባልን፣ ስንናገር ደግሞ እየተገረፍን ነው። ብዙዎቻችን ከዚያ የተማርነውን ይዘን ነው ትዳር የገባነው። ራስህንም ጠይቅ፤ ልጅ ሆነህ እውነት ስትናገር ምን ይገጥምህ ነበር?

እንዳየሃት እያወቅህ “ማነው ስኳሩን የበላው?” አትበላት። ወጥመድ ነው። “ስኳሩን ቀምሰሻል፣ ነይ አፍሽን እንጥረግ፣ ሌላ ጊዜ ጠይቂኝ” በላት። ማታ ተረት ስትነግራትም፣ ያ “ጅብ መጣ! ጅብ መጣ!” እያለ የዋሸውና በመጨረሻ በጎቹ የተበሉበት እረኛ ብቻውን አይበቃም። እነ ካንግ ሊ በ2014 ይህንም ፈትነውታል። ዋሾ የሚቀጣበት ተረት ልጆቹን ይበልጥ እውነተኛ አላደረጋቸውም። የሠራው፣ ልጁ ጥፋቱን ተናግሮ አባቱ ያመሰገነበት ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ከራስህ ፍጠርላት። ወይም አንተ ጥፋትህን ከተናገርክ በኋላ የሆነውን ንገራት።

እንግዲህ እቁቡ።

ሦስት ወር ቀርቶታል። ያን ጊዜ “ለሌላ ሰው ወጣ” የሚባልለት ሰው አይኖርም። ዕጣው ሲወጣልህ ዋስ ጠርተሃል። ስለዚህ ዋስህ ያውቃል። ዳኛው ያውቃል። ጸሐፊው ያውቃል። 23 እቁብተኛ ያውቃል። ከእነዚህ አንዱ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ልጅ ስታደርስ ሊያገኛት ይችላል። “ባለፈው ዓመት እቁቡ ሲደርሳችሁ ምን ሠራችሁበት?” ይላታል፤ ክፉ አስቦ ሳይሆን ለጨዋታ። ከዚያ በኋላ የምትናገረው ሁሉ የተያዘ ሰው ቃል ነው የሚሆነው። ከአንተ በፊት ሌላ ሰው እንዳይነግራት። ሽማግሌም ሆነ የንስሐ አባት ይዘህ አትሂድ፤ እሷ ከፈለገች በኋላ ትጠራለች። ሰው ፊት ሲሆን “እሺ” ለማለት ትገደዳለች፤ እውነተኛ መልሷንም አታገኘውም።

ከዛሬ ጀምር፣ በትንሿ። ሱቅ ቁጭ ብለህ ስትደውልልህ “ገና አልተነሳሁም” በላት። ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ። መጀመሪያ ላይ አፍህ ያንኑ የለመደውን ሊያወጣ ይቸኩላል። ራስህን ስትዋሽ ካገኘኸው እዚያው መልስና “አይ፣ ዋሽቼሽ ነው፣ ሱቅ ነኝ” በል። ይህ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ትልቁን ለመናገር አፍህ እንዲለማመድ እፈልጋለሁ።

ከዚያ ወረቀት አውጣ። የከፈልከውን፣ የቀረውን ሦስት ወር 12,000 ብር፣ ለጓደኛህ የሰጠህበትን ቀን፣ የጽሑፍ ማስረጃ ካለህ እሱን፣ በየወሩ ከደመወዝህ ምን ያህል መመለስ እንደምትችል ጻፍ። ስትቀመጡ ግን ከጓደኛህ ክህደት አትጀምር። እሱን ካስቀደምክ ታሪኩ የአንተ በደል መሆኑ ቀርቶ የእሱ ይሆናል፤ እሷም ሌባውን እየረገመች አንተን ማየት ትረሳለች። ለጊዜው ይቀልልሃል። በሳምንቱ ትነቃበታለች። “ከእንግዲህ በሕይወቴ አልዋሽም” ብለህም አትማል። መሐላ በአንተ አፍ ዋጋው ወርዷል። ወረቀቱን ስጣት።

ምን እንደምትል አላውቅም። ልታለቅስ ትችላለች። ዕቃዋን ይዛ እናቷ ዘንድ ልትሄድ ትችላለች። ከገንዘቡ ይልቅ “አይዞህ” ያለችባቸው ወራት ናቸው የሚያንገበግቧት። እነዚያን አንድ በአንድ ልታነሳብህ ትችላለች። ስታነሳ አትከላከል። ደወልህ ያን ጊዜ ቢጮህ፣ ልብህ እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ ሌሊት ቢደልቅ፣ አትሽሸው።

እሑድ ልጅቷን አያቷ ዘንድ ውሰዳት። ቡና ይፈላ። ሦስተኛው ሳይወርድ ስልክህን አጥፋና እንዲህ በላት፦ «እቁቡ ደርሶኛል። 96,000 ብር ነበር። አሁን የለም። ዋሽቼሻለሁ።»

ከዚያ ዝም በል። እሷ ትናገር።